ስሊቭ ከተሠራሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ጾሙና ማኅበሩ ግን ፈተና ሆኑብኝ (ደብረ ብርሃን)

የጠባሴዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አንባቢ ነኝ እንጂ ብዙም አልጽፍም። የኅዳር ሚካኤል ማኅበራችን ደረሰ፣ ከሚካኤል በኋላ ደግሞ ወዲያው የነቢያት ጾም ይገባል። ጭንቅ ብሎኝ ነው የመጣሁት።

አዲስ አበባ ነው የተሠራሁት። ለማያውቅ ሰው፣ ስሊቭ ማለት ከጨጓራ ሦስት አራተኛውን ያህል ቆርጠው ያወጡና የቀረውን እንደ ቱቦ ያደርጉታል። 124 ኪሎ ነበርኩ፤ ስኳርም ግፊትም ነበረብኝ። 77 ድረስ ወረድኩ። የስኳሩን ኪኒን ሐኪሙ አስቁሞኛል፣ የግፊቱን ቀንሶልኛል። ደረጃ ስወጣ ቆሜ መተንፈስ ቀርቷል፣ ተመስገን።

አሁን ግን 83 ገብቻለሁ። ክረምቱን ነው የጨመርኩት። የሚገርመው ሳህኔ ያው ነው፤ እንጀራ ሩቡን እንኳ አልጨርስም።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ሥጋና እንቁላል ወተትም በሌለበት 43 ቀን፣ በቀን 60 ግራም ፕሮቲን ከየት ይመጣል? ማኅበር ላይስ ጉርሻውን ምን ታደርጉታላችሁ? እምቢ ስል «ገንዘብ ስታገኝ ኮራች» ነው የሚሉኝ፣ ስጎርስ ደግሞ ደረቴ ላይ ይቆማል። ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይሄ 6 ኪሎ ነው። ወደ 124 መመለስ ጀመርኩ ማለት ነው?

አደራ፣ «ግሪክ ዮገርትና ሳልመን ብዪ» የሚል ሰው እንዳይመልስልኝ። እኔ የምውለው ጠባሴ ብርድ ልብስ ስሸጥ ነው።

---

የመሐል ሜዳ ልጅ

እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ ባይፓስ ነኝ (ጨጓራውን አሳንሰው ከታችኛው አንጀት ጋር በአቋራጭ የሚያገናኙት)፣ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መንዝ ውስጥ በግ እምቢ ብሎ መኖር ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚነግርሽ የለም።

ስለ ጉርሻው አንድ ብልሃት አለኝ። አስተናጋጅ ሁኚ። እውነቴን ነው። ጠላ የሚቀዳና ወጥ የሚያወጣ ሰው «ለምን አልበላህም» አይባልም። ሲጨርስ ይበላል ብለው ይተዉታል። እኔ ማኅበር ላይ ገና ሳይቀመጡ ማንቆርቆሪያውን አነሳለሁ። ደግሞ አጉራሽ ሁኚ። አጉራሽን ማንም በግድ አያጎርሰውም፤ ቢያጎርሰውም አንዴ ነው። እሷንም አንዲት ጉርሻ ራስሽ አሳንሰሽ ጠቅልለሽ «በዚህ አጉርሱኝ» በይ።

ሁለተኛው፣ ለሁሉ አትናገሪ፣ ግን ለአንዲት ተሰሚ ለሆነች ሴት ንገሪ። እኔ ለአክስቴ ነው የነገርኩት። አክስቴ ስለ ባይፓስ የገባት ነገር የለም። «አንጀቱን ተቀዷል፣ አትንኩት» ብላ አወጀች። በቃ! ከዚያ በኋላ ነካ ያደረገኝ የለም።

ደረት ላይ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ትኩስ ዳቦና ደረቅ ጥብስ ነው። ወጥ የጠገበ ፍርፍር በትንሹ ይወርዳል። ዶሮ ወጥ ካለ እንቁላሉን ቅደሚ፣ ከዚያ ሥጋውን፣ እንጀራው መጨረሻ ይምጣ። ውኃ ከምግብ ጋር የለም፤ ከበላሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቀሽ። ሰው ሁሉ «በውኃ አውርጂው» ይላል፣ እንዳትሰሚ።

ጭኮን ተጠንቀቂያት። ሥጋው ይቆማል፣ ጭኮዋ ግን እንደ ዘይት ነው የምትሰርግ። ብርዝም እንደዚያው። ተዝካር ላይ ሁለት ጉንጭ ብርዝ ጠጥቼ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ላብ በላብ ሆንኩ፣ ልቤ ደረቴን ሊቀድ ደረሰ፣ የሰው አልጋ ላይ ተዘረርኩ። ዳምፒንግ ይሉታል። ጣፋጩ ሳይፈጭ አንጀት ላይ ዱብ ሲል ነው። ባይፓስ ላይ ይብሳል፣ ስሊቭም አያመልጥም።

---

ሲስተር ደብረ ሲና

የጠባሴዋ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ኪሎ ዝቅተኛው ቦታ ላይ የሚደርሰው አብዛኛው ሰው ላይ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ኪሎ መመለሱ የሚጠበቅ ነው። 47 አውርደሽ 6 ተመለሰ። ይሄ ውድቀት አይባልም። ግን ዝም የሚባልም አይደለም።

«ጨጓራዬ ተለጥጦ ይሆን» ብለሽ እንደምታስቢ አውቃለሁ፣ ሁሉም ይላል። ብዙ ጊዜ እሱ አይደለም። ስሊቭ ሲሠራ ግሬሊን የሚባለውን ረሃብ የሚቀሰቅስ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው የጨጓራ ክፍል አብሮ ይወጣል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ምግብ የሚያስጠላሽ። እያደር የምግብ ፍላጎት ይመለሳል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ልማድ የሚያስፈልገው።

እስቲ ልጠይቅሽ። ሳህንሽን ነገርሽን፣ በሳህንና በሳህን መካከል ያለውን አልነገርሽንም። ሱቅ ውስጥ ምን ይቀማመሳል? ሻይ በቀን ስንት ብርጭቆ? ስኳሩስ? ባንኮኒው ላይ ቆሎ አለ?

---

የጠባሴዋ

ሲስተር፣ ቆሎ ደግሞ ምግብ ነው እንዴ? 😅

ቆሎማ አለ። በውርጭ ቀን ሌላ ምን ይደረጋል? ደንበኛ ሲመጣ አብረን እንቆረጥማለን። ሻይም አዝዛለሁ፤ አምስት ስድስት ብርጭቆ ይሆናል፣ ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር አለው። ግን አንዱም አያጠግብም እኮ!

---

ሲስተር ደብረ ሲና

ችግሩ አለማጥገቡ ነው እኮ እህቴ። ጨጓራሽ የተሠራው ምግብ ሲሞላበት «በቃ» እንዲልሽ ነው። እየቆረጠምሽ የምትውይው ቆሎ በትንሽ በትንሹ ስለሚያልፍ «በቃ» የሚል የለም። 100 ግራም የገብስ ቆሎ ወደ 350 ካሎሪ ነው። ሁለት ሦስት እፍኝ ሲደመር አንድ ሙሉ ምሳ ማለት ነው። ስኳሩም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም አካባቢ ነው፤ አሥር ማንኪያ 160 ካሎሪ ነው። በየቀኑ፣ ክረምቱን ሙሉ። 6 ኪሎው የት እንደተደበቀ አየሽ?

ቆሎ ሐራም ነው አላልኩም። መክሰስ ይሁን፤ በስኒ ተሰፍሮ፣ በሰዓቱ፣ ተቀምጠሽ ብዪው። ባንኮኒ ላይ ግን አይዋል።

---

ተራ ሰው

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ ሁሉ ስቃይ ምንድን ነው? ጤነኛ ጨጓራ አስቆርጦ ከዚያ ስለ ቆሎ መጨነቅ? አባቶቻችን ገብስ በልተው፣ የጣርማበርን ዳገት በእግራቸው ወጥተው አልነበር የኖሩት? ሁዳዴን በሥርዓት የጾመ ሰው አይወፍርም።

---

የመሐል ሜዳ ልጅ

ወንድሜ፣ እኔም ሁዳዴን ስጾም 140 ኪሎ ነበርኩ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንድ ትሪ በያይነቱ በዘይት ስንት እንደሚመዝን ሞክረው።

---

ሲስተር ደብረ ሲና

ተራ ሰው፣ ጥያቄህን ከልብ ጠይቀህ ከሆነ በአጭሩ ልመልስ። አንዴ በጣም የወፈረ ሰውነት ኪሎ ሲቀንስ ይታገላል። ረሃቡን ይጨምራል፣ የሚያቃጥለውንም ይቀንሳል። ስንፍና አይደለም። ለዚህ ነው ቢኤምአይው (ኪሎ ከቁመት ጋር ሲመዛዘን የሚገኘው ቁጥር) 40ና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም 35 ሆኖ ስኳርና ግፊትን የመሰለ ሕመም ላለበት ሰው ቀዶ ጥገናው ሲመከር የኖረው። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፎቹ የሙያ ማኅበራት መስፈርቱን ይበልጥ ዝቅ አድርገውታል። የአባቶቻችን ዳገት ግን ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እሱን እንወስዳለን። ኪሎ ሲወርድ ጡንቻም አብሮ ይወርዳል፤ ዳገት መውጣትና ክብደት ማንሳት ጡንቻውን ያቆየዋል። ብርድ ልብስ ጭኖ ማውረድም ይቆጠራል 😊

---

የቀወቱ

ሸዋ ሮቢት ነኝ። እዚህ የእኛ ፈተና ብርዱ አይደለም፣ ሙቀቱ ነው። ድሮ አንድ ሊትር ውኃ በአንድ ትንፋሽ እጨልጥ ነበር። አሁን ሦስተኛው ጉንጭ ላይ ያመኛል። ስለዚህ የውኃ ዕቃዬ ከእጄ አይለይም፤ በየአሥር ደቂቃው አንድ ጉንጭ። ማታ ላይ አንድ ሊትር ተኩል ካልሞላሁ ራስ ምታቱ አያስተኛኝም። ለስላሳ ጋዙ ስለሚነፋኝ ተውኩት። ጠላም ይነፋል፣ በዚያ ላይ ያወፍራል።

ስለ አረቄ ማንም ስላላነሳ እኔ ላንሳ። ድሮ አምስት መለኪያ ወስጄ ቀጥ ብዬ ቤቴ እገባ ነበር። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አንድ መለኪያ ወዲያው ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ሐኪሙን ብጠይቀው፣ አልኮሉ ጨጓራ ላይ ሳይቆይ ቶሎ ወደ ደም ይገባል አለኝ። የባሰው ደግሞ ይሄ ነው፤ ድሮ በምግብ ይጽናና የነበረ ሰው ምግቡ ሲወሰድበት ወደ መጠጥ ሊዞር ይችላል። ይሄ የታወቀ አደጋ ነው፣ በተለይ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ። የማውቀው ሰው ደርሶበታል። ኪሎው ጠፍቶ ሰውየውም አብሮ ሊጠፋ ነበር። እኔ ጭራሽ ትቻለሁ። ለቅሶ ቤት «ለሙቀት አንዲት ብቻ» ሲሉኝ መድኃኒት ላይ ነኝ እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም፣ ቫይታሚኑ አለ።

---

ዲያቆን ዘአንኮበር

ስለ ጾሙ አንድ ቃል። ታማሚን ቤተ ክርስቲያን አታስጨንቅም። ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፣ የሐኪም ወረቀትሽንም አሳዪያቸው። ሰዓቱን ሊያሳጥሩልሽ ይችላሉ፤ እንደ ሁኔታሽ ሌላም ሊፈቅዱልሽ ይችላሉ። በራስሽ ፈርደሽ ራስሽን አትጉጂ። ዓሣን በተመለከተ ክርክር አትክፈቱ፣ እሱንም እሳቸውን ጠይቂ።

---

የጠባሴዋ

ዲያቆን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ጠዋት ብዪ፣ ምላስሽን ከሐሜት ጹሚ» አሉኝ። ሁለተኛው ይከብዳል ግን እሞክራለሁ። ሥጋና ወተቱን በራሴ ፈቃድ አልነካም። ሲስተር፣ ስልሳ ግራሟን እንግዲህ አንቺ ፈልጊልኝ።

---

ሲስተር ደብረ ሲና

እሺ፣ እንቁጠር። የተቀቀለ ምስር 100 ግራም ውስጥ 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። አንቺ በአንድ ጊዜ ከዚያ በላይ አይገባልሽም። ስለዚህ አንዴ በልቶ መዋል አይሆንም፤ አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ነው። ጠዋት ወፈር ያለ ሽሮ በማንኪያ ብዪ፣ እንጀራው ለምልክት ይሁን። ሽሮሽ ውስጥ የአኩሪ አተር ዱቄት ቀላቅይ። ደረቁ አኩሪ አተር ከሲሶ በላይ ፕሮቲን ነው፣ ከሽምብራም ከአተርም ይበልጣል። ረፋድ ላይ አሹቅ ወይም የባቄላ ንፍሮ፣ ቅርፊቱ ተልጦ፣ በደንብ ታኝኮ። ቅርፊቱ ነው የሚያስቸግረው። ምሳ ምስር፣ መክሰስ ለውዝ በእጅሽ መዳፍ ልክ፣ ማታ ክክ ወይም ሽሮ። ይሄም ሆኖ ስልሳ ላይሞላ ይችላል፣ እውነቱን ልንገርሽ። የጎደለውን ከአትክልት የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት ይሞላል፤ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ካለሽ አስመጪ። ሱፍ ፍትፍት ይጣፍጣል ግን የበዛው ቅባት ነው።

አሁን ቁጣዬን ስሚ። ስለ ቫይታሚን አንድም ቃል አልጻፍሽም። ይሄ እስከ ዕድሜ ልክ ነው፤ «ደህና ሆኛለሁ» ተብሎ የሚቆም አይደለም። ቢ12፣ ብረት፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም። የወር አበባ የምታይ ሴት ብረቷን ከረሳች ደም ማነስ ይጠብቃታል። ብረቱን በቡናና በሻይ ላይ አትውሰጂ፣ አብረው ሲገቡ ብረቱ በደንብ አይያዝም። እኛ ደግሞ ሦስት ጊዜ ቡና የምናፈላ ሕዝብ ነን! ከካልሲየምም ቢያንስ በሁለት ሰዓት አራርቂው። ቢ12 በኪኒን ካልጨመረ መርፌው አለ።

አንድ ነገር ሁላችሁም ያዙልኝ። ማስመለስ ለቀናት ከቀጠለ «ያልፋል» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ቫይታሚን ቢ1 ቶሎ ያልቃል፤ ሲያልቅ እግር ያደነዝዛል፣ ዓይን ያወላግዳል፣ አእምሮም ይጎዳል። ጤና ተቋም ስትሄዱ «የጨጓራ ቀዶ ጥገና ተደርጎልኛል፣ ግሉኮስ ከመስጠታችሁ በፊት ቢ1 ስጡኝ» በሉ። ግሉኮሱ ቀድሞ ከገባ ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል።

---

ባለቤቷ ነኝ

ሰላም። ባለቤቴ ከተሠራች አምስት ወር ሆናት። አለም ከተማ ነን። ሁለት ነገር ቸገረን። ፀጉሯ በማበጠሪያ ሙሉ እየወጣ ነው። ሰፈሩ ደግሞ አላስቆም አለን። እኛ አገር «ወፈርሽ» ማለት ተመቸሽ ማለት ነው፣ ከሳች የተባለች ሴት ግን ያ በሽታ ይዟታል ነው። ጭራሽ ለእኔም እያዘኑልኝ ነው። እናቴ ጠበል ይዛ መጣች። ሚስቴ ከቤት መውጣት ጠልታለች።

አንድ ልጅም እንፈልጋለን፤ መቼ ይሻላል?

---

የጠባሴዋ

ወንድሜ፣ ለእሷ ንገራት፤ የእኔም ፀጉር እንደዚያ ነበር። አራተኛው ወር ላይ ሻሽ አስሬ ነው የከረምኩት። ተመልሷል፣ አሁን ሹሩባ እሠራለሁ። የሰፈሩን ወሬ ግን ልክ ነህ፣ ያማል። እኔን ገበያ ላይ አንዷ «እንዴት ነው፣ መድኃኒቱ ተስማማሽ?» አለችኝ። በሹክሹክታ፣ ክንዴን ይዛ፣ እንባ አቅርራ። የቱን መድኃኒት እንደሆነ ገባኝ። «አዎ ተስማማኝ፣ ብረት ነው» አልኳት። እስከ ዛሬ ታዝንልኛለች።

የላላው ቆዳም አለ፣ ማንም አስቀድሞ አይነግርህም። ሆዴ ላይና ክንዴ ላይ ተንጠልጥሏል። ጋቢ የሚለበስበት አገር መሆኑ በጀኝ። ባለቤትህ መስታወት ፊት ስትቆም አንተ ደግ ደጉን ተናገር እንጂ አትቀልድ።

---

ሲስተር ደብረ ሲና

ፀጉሩ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ይረግፋል፣ ሰውነት በፍጥነት ኪሎ ሲያጣ የሚመጣ ነው። ፕሮቲንና ብረቷ ከተስተካከለ ይመለሳል። ከዓመት በላይ ከቆየ ግን ትመርመር።

ልጁን ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ አቆዩት። ኪሎ እየወረደ ሳለ ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ኪሎ ሲቀንስ ማህፀን ቶሎ ይቀበላል፤ ከዚህ በፊት ያልጸነሰች ሴት ሳታስበው ልትጸንስ ትችላለች። ባይፓስ ከሆነች የሚዋጠው የወሊድ መቆጣጠሪያ ላይ አትተማመኑ፣ ሌላ ዓይነት ይምረጡላት። ከእርግዝናው በፊት የደም ምርመራ የግድ ነው።

---

ሞላሌ 22

እኔ ገና አልተሠራሁም። ቱርክ በርካሽ ይሠራል ብለው ደላላ አገናኝተውኛል። ሄጄ በሳምንቴ እመለሳለሁ። ምን ትላላችሁ?

---

የመሐል ሜዳ ልጅ

ቱርክ ጥሩ ሐኪሞች የሉም አልልህም፣ አሉ። ጥያቄው ሌላ ነው። ተመልሰህ ሞላሌ ገብተህ፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን ሌሊት ሆድህን ሲቆርጥህ የምትደውለው ለማን ነው? ደላላው ስልኩን አያነሳም። ኦፕራሲዮኑ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፣ ክትትሉ የዕድሜ ልክ ነው። ማን ይከታተልሃል? ደምህን ማን አይቶ ያነብልሃል? መጀመሪያ ይሄን መልስ፣ ከዚያ ትኬት ቁረጥ። የተሠራህበትንም ወረቀት በደንብ ተቀብለህ ና፤ ስሊቭ ይሁን ባይፓስ የማያውቅ ታካሚ አይቻለሁ።

ይሄን ካነሳሁ አይቀር። አምና ጉልበቴን አሞኝ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ሳይጠይቁኝ ዲክሎፌናክ ሰጡኝ። ሆዴ ተቃጠለ፣ ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ቁስል ደምቶ ነው። ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም ለእኛ አይሆኑም፣ ለባይፓስ በተለይ። ለሕመም ፓራሲታሞል ነው። አሁን መታወቂያዬ ጀርባ ላይ በእጄ ጽፌ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ።

---

የጠባሴዋ

ሚካኤል በሰላም አለፈ። ማንቆርቆሪያዋን ያዝኩ! እውነትም «ብዪ» ያለኝ የለም፤ ይልቅ «ዛሬ እንዴት ትጋ ትጋ አላት» ሲሉ ሰማሁ። አንድ እንቁላልና ትንሽ አይብ በላሁ፣ ጉርሻ አንዲት ብቻ ተቀበልኩ።

ደሜንም ተመረመርኩ። ሲስተር የፈራሽው ደርሷል፣ ብረቱ ዝቅ ብሏል፣ ቢ12 ደህና ነው። ብረት ታዘዘልኝ። ቆሎውን ሠራተኛዬ ቤቷ ወሰደችው። ሻዩን በሦስት ብርጭቆ ያለ ስኳር ጀምሬያለሁ። ይቀፋል። ካልሲየም ሲትሬት ግን እዚህ አጣሁ፣ ያለው ካርቦኔት ነው። ይሁን?

---

ሲስተር ደብረ ሲና

ሲትሬቱ ይሻላል፣ የጨጓራ አሲድ ሳይፈልግ ይያዛል። እስክታገኚ ካርቦኔቱን ከምግብ ጋር ውሰጂ። በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም በላይ አትዋጪ፣ ከፋፍለሽ በቀን ከ1200 እስከ 1500 ይድረስ። ከብረቱ አርቂው፣ ረስተሽ እንደሆነ። ብረቱን ከሦስት ወር በኋላ ደግመሽ ተለኪ።

---

የቀወቱ

በሶስ? በሶን ማንም አላነሳውም። ለጾም የሸዋ ሰው ስንቅ እኮ ነው።

---

ሲስተር ደብረ ሲና

በሶ ይቻላል። ያለ ስኳር፣ በትንሽ ውኃ ጠጠር ብሎ ታሽቶ፣ በማንኪያ ልክ፣ እየታኘከ። በኩባያ ተበጥብጦ አይደለም። የተበጠበጠው እንደ ሻዩ ነው፣ ሳያቆም ያልፋል።